ኮከቦቹን ሰጥቶ ቡድን መሥራት፦ የዋሽንግተን ናሽናልስ ጉዳይ ከ2019 እስከ 2025

የቤዝቦሉ ክለብ ዋሽንግተን ናሽናልስ ኦክቶበር 30 ቀን 2019 ሂውስተን ላይ አስትሮስን በሰባተኛው ጨዋታ ረትቶ የወርልድ ሲሪስን፣ ማለትም የሊጉን የፍጻሜ ፍልሚያ፣ ዋንጫ አነሳ። በ2022 ያው ክለብ ከ162 ጨዋታ 55ቱን ብቻ አሸንፎ ከ30ዎቹ የሜጀር ሊግ ቡድኖች መጨረሻ ወጣ። ቀጥሎ በመጡት ሦስት ዓመታት ያገኘው ድል 71፣ 71 እና 66 ነው። ዋንጫውን ካነሱት ተጫዋቾች በ2025 ቡድኑ ውስጥ የቀረ አንድም የለም።

ብዙው ደጋፊ ጥፋቱን የሚጥለው ኮከቡ መቺ ሁዋን ሶቶ በ2022 ለሌላ ክለብ በመሰጠቱ ላይ ነው። እኛ እንደዚያ አናይም። የሶቶ ልውውጥ ክለቡ በእነዚህ ዓመታት ከሠራቸው ሥራዎች ሁሉ የተሻለው ነው። ቡድኑ ያልተነሳው ከልውውጡ በፊትም በኋላም መሠራት የነበረበት የዝምታ ሥራ፣ ልጅ መርጦ ማሳደግ፣ ስላልተሠራ ነው። ከዚህ በታች ያለው ዝርዝር ይህን ፍርድ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ጥናቱም የሚቆመው በ2025 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ነው።

ጉዳዩ ለሐበሻ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ከዩ ስትሪት፣ ከ9ኛው መንገድ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አጠገብ፣ ግሪን ላይን ባቡር የተሳፈረ ሰው ባቡር ሳይቀይር ኔቪ ያርድ ወርዶ ናሽናልስ ፓርክ ይገባል። በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ያደጉ ልጆች የሚደግፉት ቡድን ይሄ ነው፤ ወላጆቻቸው ግን ብዙውን ጊዜ ከሕጉ ጋር አልተዋወቁም። ስለዚህ ከሕጉ እንጀምር።

ሕጉ በእግር ኳስ ተመልካች ዓይን

ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ውስጥ ወራጅ የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን ወደ ታች አይወርድም፤ እንዲያውም በሚቀጥለው ዓመት ድራፍት፣ ማለትም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ልጆች በሚመረጡበት ወረፋ፣ ከፊት ተርታ ይሰለፋል። እግር ኳስ እንደለመደው በዝውውር ክፍያ ተጫዋች መግዛትም እዚህ ወግ አይደለም። ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች ነው።

ዋናው ቁጥር ስድስት ነው። አንድ ተጫዋች ዋናው ቡድን ውስጥ ስድስት ሙሉ የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የክለቡ ነው። አንድ የአገልግሎት ዓመት 172 ቀን ተብሎ ይቆጠራል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት አካባቢ የሚከፈለው ከዝቅተኛው ደመወዝ ብዙም ፈቀቅ አይልም፤ በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር። በቀሩት ሦስት ዓመታት ደመወዙ በድርድር፣ ካልተስማሙም በገላጋይ ዳኛ ይወሰናል። ከዚያ በኋላ ነፃ ነው፣ የፈለገው ጋ ይፈርማል። የመልሶ ግንባታ ንግድ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የቀረውን ኮከብ ሰጥቶ ስድስት ዓመት ያላቸውን ወጣቶች መቀበል። ወጣቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ገና በማይነር ሊግ፣ በታችኞቹ ቡድኖች፣ የሚጫወቱ ናቸው፤ ከመካከላቸው ዋናው ቡድን ደርሶ የሚጸናው ጥቂቱ ነው።

ክለቡ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው የተመዘገበ ተጫዋች 40 ነው፤ ከእነሱ ለጨዋታ ዝግጁ የሚሆኑት 26 ናቸው። ይህን 26 የሚለውን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ውድቀቱ ከየት ጀመረ

ዋንጫው በተነሳ በሁለተኛው ወር፣ ዲሴምበር 2019፣ ሁለት ትልልቅ ውሎች ተፈረሙ። የወርልድ ሲሪሱ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ፣ ስቲቨን ስትራስበርግ ከናሽናልስ ጋር ለ7 ዓመት በ245 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የሦስተኛ ቤዝ (ሯጭ ከሚረግጣቸው ማዕዘኖች የሦስተኛው) ተጫዋቹ አንተኒ ሬንዶን ደግሞ በዚያው ዘመንና በዚያው ገንዘብ ወደ ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስ ሄደ። ክለቡ ከሁለቱ አንዱን መረጠ። ስትራስበርግ ውሉን ከፈረመ በኋላ የወረወረው በ8 ጨዋታ ብቻ ነው፣ 31 ኢኒንግ ከሲሶ (አንድ ጨዋታ በመደበኛው 9 ኢኒንግ፣ ማለትም ዙር፣ አለው)። በ2021 በአንገትና በትከሻ መሀል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነርቭ ተጭኖበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በ2024 ጡረታ ወጣ። ሬንዶንም በኤንጅልስ ቤት ከጉዳት ወደ ጉዳት ሲመላለስ ኖረ፤ ስለዚህ ሌላኛውን ቢመርጡ ኖሮ የሚለው ቁጭት ብዙ አያስኬድም።

ፓትሪክ ኮርቢን ሌላ ዓይነት ችግር ነበር። ከ2019 በፊት በ6 ዓመትና በ140 ሚሊዮን ዶላር መጣ፤ በዋንጫው ዓመት 14 አሸነፈ፣ ሰባተኛውን ጨዋታም ተተክቶ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ ነጥብ ሳያስገባ ጨረሰ። ለዚያች ምሽት ብቻ ገንዘቡን ሰርቷል የሚሉ ደጋፊዎች አሉ፤ እኛም አንከራከራቸውም። ከዚያ በኋላ ግን ዋና መሣሪያው የነበረው፣ ወደ ጎን የሚሰበረው ስላይደር ኳስ ስለቱ ጠፋ። ከ2021 እስከ 2023 በተከታታይ 16፣ 19 እና 15 ጨዋታ ተሸነፈ። በ2022 በየ9 ኢኒንጉ በአማካይ 6.31 ነጥብ ይገባበት ነበር። የሚገርመው አለመጎዳቱ ነው፤ በየአምስት ቀኑ ተራው ሲደርስ ይወጣል። ክለቡም የሚተካው ሰው ስላልነበረው ዝም ብሎ ያወጣዋል። የታችኞቹ ቡድኖች ባዶ መሆናቸውን ከኮርቢን የበለጠ ያሳየ ማስረጃ የለም።

ባዶ የሆኑት ደግሞ በአጋጣሚ አልነበረም። ናሽናልስ በ2008ና በ2009 ከ100 በላይ ጨዋታ ተሸንፎ ስትራስበርግን በ2009፣ ብራይስ ሃርፐርን በ2010 በአንደኛ ምርጫ ወስዷል። በ2012 98 ጨዋታ አሸነፈ። ያ የመጀመሪያው ግንባታ በሁለት አንደኛ ምርጫዎች የቆመ ነበር። ቡድኑ ማሸነፍ ሲጀምር ግን ምርጫው ወደ ወረፋው ኋላ ተገፋ፤ በኋላ ወረፋ ጥሩ ልጅ ማግኘት ደግሞ ዕድል ሳይሆን ሙያ ነው። በ2017 በ25ኛ ምርጫ ፒቸር ሴት ሮሜሮ፣ በ2018 በ27ኛ ምርጫ ፒቸር ሜሰን ዴናበርግ ተወሰዱ፤ አንዱም ለቡድኑ የሚቆም ፒቸር አልሆነም። በ2016 መጨረሻ የውጭ ሜዳ ተጫዋቹን አዳም ኢተንን ለማምጣት ሦስት ወጣት ፒቸሮች፣ ሉካስ ጂዮሊቶ፣ ሬናልዶ ሎፔዝና ዴን ደኒንግ፣ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ተሰጥተዋል። ዋንጫ ለማግኘት የተከፈለ ዋጋ ነው፤ ዋንጫውም መጥቷል። ዕዳው የተከፈለው በ2021 ነው።

ጁላይ 2021፦ በሁለት ቀን ስምንት ሰው

በጁላይ 29ና 30 ተጫዋች የሚመርጠውና የሚለውጠው ጄኔራል ማኔጀር ማይክ ሪዞ ስምንት ነባር ተጫዋቾችን ሰጥቶ አስራ ሁለት ወጣቶች ተቀበለ። ትልቁ ልውውጥ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ነበር፤ ፒቸር ማክስ ሸርዘርና ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መሀል የሚቆም) ትሬ ተርነር ሄዱ፣ ካቸር (ከመቺው ጀርባ ኳስ የሚቀበል) ኪበርት ሩይዝ፣ ፒቸር ጆሳያ ግሬይና ሁለት ሌሎች መጡ። ሸርዘር ውሉ በዚያው ዓመት ያልቅ ስለነበር የቀረው ሁለት ወር ነው። ተርነር ግን እስከ 2022 መጨረሻ የክለቡ ነበር። ሁለቱን ለብቻ ለብቻ ከመሸጥ አንድ ላይ ማሰሩ ዶጀርስ ምርጥ ሁለት ልጆቻቸውን እንዲሰጡ አስገደዳቸው። በወረቀት ላይ ጥሩ ንግድ ነበር።

በሜዳ ላይ የሆነው ሌላ ነው። ሩይዝ በማርች 2023 ለ8 ዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ተፈርሞለት በዚያ ዓመት 18 ሆምራን፣ ማለትም ከሜዳ ውጭ የሚወጣ ምት፣ መታ፤ ከዚያ ምቱ ቀነሰ፣ በ2025 ደግሞ ከመቀመጫ ሆኖ ጨዋታ ሲያይ የሸሸ ኳስ ራሱን መትቶት በአንጎል መንቀጥቀጥ ጉዳት ዓመቱን ሳይጨርስ ቀረ። ግሬይ በ2022 38 ሆምራን ተመቶበት፣ በ2023 ተሻሽሎ ኦል ስታር፣ ማለትም ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ የሚመረጥ፣ ሆነ፤ በ2024 የክርኑ ጅማት ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና ገባ። ሌሎቹ ሁለት ልጆች ለናሽናልስ ዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይጫወቱ ሄዱ።

ከስድስቱ ልውውጦች ሁሉ ያተረፈው ማንም ያላየው ነው። የ37 ዓመቱ ፒቸር ጆን ሌስተር፣ የጥቂት ሳምንት ውል የቀረው፣ ወደ ሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ሄዶ በምትኩ የውጭ ሜዳ ተጫዋቹ ሌን ቶማስ መጣ። ካርዲናልስ ቋሚ ቦታ ያልሰጠው ሰው ነበር። ቶማስ በ2023 28 ሆምራን መትቶ ምት ሳይጠብቅ ሮጦ 20 ቤዝ ሰረቀ፤ በ2024 ውሉ ሊያልቅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲቀረው ለክሊቭላንድ በሦስት ወጣቶች ተለወጠ። ዘዴው ግልጽ ነው፤ ሌላው ክለብ ያልተጠቀመበትን፣ ለመጫወት የደረሰ ሰው መፈለግ፣ ቋሚ ቦታ መስጠት፣ ዋጋው ሲጨምር ሳይዘገዩ መልሶ መስጠት። ይህ ሥራ በትልልቅ ስሞች ንግድ ስለማይታይ ደጋፊ አይዘፍንለትም።

የሶቶ ሒሳብ

ሁዋን ሶቶን ናሽናልስ በ2015 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ በ16 ዓመቱ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር ያስፈረመው። በ19 ዓመቱ ዋናው ቡድን ገባ። በ2022 ክረምት ክለቡ ለ15 ዓመት 440 ሚሊዮን ዶላር አቀረበለት፤ እንቢ አለ። ድምሩ ያኔ ከተሰማው ሁሉ የበለጠ ነው፤ ለዓመት ሲካፈል ግን 29 ሚሊዮን ከምናምን ይወጣል፣ ይህም በጊዜው ከነበሩት ከፍተኛ ዓመታዊ ክፍያዎች በታች ነው። በዲሴምበር 2024 ሶቶ ከኒው ዮርክ ሜትስ ጋር ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም፣ እንቢታው ትክክል እንደነበረ ገንዘቡ ራሱ ተናገረ።

ያኔ ባለቤቱ የለርነር ቤተሰብ ክለቡን ለመሸጥ እያጣራ ነበር። ባለቤቱ ማን እንደሚሆን ያልታወቀ ክለብ ግማሽ ቢሊዮን ሊያስር አይችልም። ስለዚህ የቀረው ጥያቄ መቼ ይሰጥ የሚለው ብቻ ነው። ሶቶ እስከ 2024 መጨረሻ የክለቡ ነበር። በኦገስት 2022 የሚወስደው ቡድን በሦስት የፕሌይኦፍ፣ ማለትም የዋንጫ ማጣሪያ፣ ወቅት ይጠቀምበታል፤ አንድ ዓመት ቢዘገይ ሁለት፣ ሁለት ዓመት ቢዘገይ አንድ። እያንዳንዷ የቀነሰች ወቅት ዋጋውን ትቆርጣለች። ለዚህ ነው ልቡ እየደማም ቢሆን ሪዞ ኦገስት 2 ቀን 2022 ሶቶንና ሌላውን መቺ ጆሽ ቤልን ለሳንዲያጎ ፓድረስ የሰጠው።

የመጡት ልጆች አምስት ናቸው፤ ከነሱ ጋር ነባሩ መቺ ሉክ ቮይት አለ። ሾርትስቶፕ ሲ ጄ ኤብራምስ (በ2019 ድራፍት 6ኛ)፣ ግራኝ ፒቸር መኬንዚ ጎር (በ2017 3ኛ)፣ የውጭ ሜዳ ተጫዋቾቹ ሮበርት ሃሰል (በ2020 8ኛ) እና ጄምስ ዉድ (በ2021 62ኛ)፣ እንዲሁም የዶሚኒካኑ ወጣት ፒቸር ሃርሊን ሱሳና። ሦስቱ በድራፍት ከመጀመሪያዎቹ አስር ውስጥ የተመረጡ ናቸው፤ ከሁሉም የበለጠው ግን 62ኛው ሆኖ ተገኘ።

ኤብራምስ በ2024 ኦል ስታር ሆነ። ጎርና ዉድ በ2025 ተከተሉት። ለሶቶና ለቤል ከተሰጡ አምስት ልጆች ሦስቱ ኦል ስታር ሲሆኑ ከዚህ የተሻለ ንግድ መጠበቅ ይከብዳል። ዉድ በ2025 31 ሆምራን መታ፤ በጁን ከኤንጅልስ ጋር በተደረገ አንድ ጨዋታ ምቱ ስለተፈራ አራት ጊዜ ሆን ተብሎ ታልፎ ወደ አንደኛ ቤዝ ተሰደደ፤ ይህ ክብር ከባሪ ቦንድስ ወዲህ ለማንም አልደረሰም ነበር። ያው ዉድ በዚያው ዓመት 221 ጊዜ ስትራይክአውት ሆነ፣ ማለትም በሦስት ስትራይክ ወጣ፣ ከሊጉ ክብረ ወሰን በሁለት ብቻ ያነሰ። ከ31ዱ ሆምራን 24ቱ የመጡት ከኦል ስታር ዕረፍት በፊት ነው። ፒቸሮች ከሁለተኛው አጋማሽ ጀምሮ ከፍ ያለ ፈጣን ኳስና ከታች የሚሰበር ኳስ እያፈራረቁበት መፍትሔውን ሳያገኝ ዓመቱ አለቀ። እዚህ ላይ ነው የማሠልጠን ጥያቄ የሚመጣው።

ሦስት ሰው 26 አይደለም

ልውውጥ የቡድን ምሰሶ ያመጣል፤ ግድግዳውን የሚሠራው ድራፍትና ማሳደግ ነው። ናሽናልስ የወደቀበት እዚህ ነው።

በ2022 በ5ኛ ምርጫ የተወሰደው ኤላይጃ ግሪን 6.5 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት። ሰውነቱና ፍጥነቱ የሚያስደንቅ፣ ግን ገና በሁለተኛ ደረጃ ሳለ ኳስ መሳቱ የሚታወቅ ልጅ ነበር። በታችኛው ሊግ በመጀመሪያ ሙሉ ዓመቱ ከአስር ጊዜ ከአራት በላይ ስትራይክአውት ሆነ። የሰውነት ችሎታን ከምት ችሎታ ማስቀደም የዚህ ክለብ የቆየ ልማድ ነው። ከውጭ አገር ልጆች የማስፈረሙም ገንዘብ በአንድ ሰው ላይ ፈሰሰ፤ በ2021 ለአርማንዶ ክሩዝ 3.9 ሚሊዮን፣ በ2022 ለክሪስቲያን ቫኬሮ 4.9 ሚሊዮን ዶላር። ይህ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ክለብ በጣሪያ የተገደበ ነው፤ አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሲወስደው ሌሎች አስር ልጆች አይፈርሙም። በ2025 መጨረሻ ሁለቱም ዋናው ቡድን አልደረሱም። ሶቶ ራሱ የተገኘው በ1.5 ሚሊዮን መሆኑን ያስታውሷል።

የድራፍቱ ሕግም በመሀል ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ መጨረሻ የወጣ ቡድን አንደኛ ይመርጥ ነበር። ከ2023 ድራፍት ጀምሮ ዕጣ ገባ፤ መጨረሻ የወጡት ሦስቱ ቡድኖች እኩል 16.5 በመቶ ዕድል አላቸው። ናሽናልስ በ107 ሽንፈት ዕጣ ገብቶ ሁለተኛ ወጣ፤ ፒትስበርግ ፒቸር ፖል ስኪንስን ወሰደ፣ ናሽናልስ የውጭ ሜዳ ተጫዋቹን ዲላን ክሩዝን። ክሩዝ 9 ሚሊዮን ዶላር ተፈረመለት፣ በኦገስት 2024 መጨረሻ ዋናው ቡድን ገባ። ቀኑ የተመረጠው በሒሳብ ነው፤ የአዲስ ተጫዋችነት መብቱ ሳይነካ ለ2025 እንዲተላለፍ። በ2025 ግን ምቱ .208 ብቻ (ከሺህ የምት ሙከራ 208 ያህል) ነበር፣ ጉዳትም ተጨመረበት። ሌላም ሕግ አለ፤ ከሊጉ የገቢ ድጎማ የማይቀበል ትልቅ ከተማ ክለብ በተከታታይ ሁለት ዓመት ዕጣው ውስጥ አይገባም። በዚህ ምክንያት ናሽናልስ በ2023 91 ተሸንፎም በ2024 ድራፍት 10ኛ ሆነ። ዋሽንግተን ላለ ክለብ ሆን ብሎ መሸነፍ ከእንግዲህ የማያዋጣ ንግድ የሆነው ለዚህ ነው።

ጎረቤቱን ባልቲሞር ኦሪዮልስን ማነጻጸር ይረዳል። በ2018 115 ተሸንፎ በ2023 101 አሸነፈ። በ2019 አድሊ ረችማንን በአንደኛ ምርጫ ወሰደ፤ ይህን ማንም ያደርገዋል። ልዩነቱ በዚያው ዓመት በ42ኛ ምርጫ ጋነር ሄንደርሰንን ማግኘቱና ሁለቱንም በየደረጃው ሳይሰበር ማሳደጉ ነው። በ2025 ባልቲሞርም ወደ 75 ድል ተንሸራቷል፤ ፒቸር በበቂ አልሠራም፣ አልገዛምም። ናሽናልስ ይህንን ትምህርት በነፃ አግኝቶታል።

ክርን ያልቃል

ፒቸር ላይ ቡድን የሚገነባ ሰው ይህን ዝርዝር ያንብብ። ኬድ ካቫሊ፣ በ2020 በ22ኛ ምርጫ የተወሰደው፣ በማርች 2023 ቶሚ ጆን የሚባለው የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዋናው ቡድን የተመለሰው በኦገስት 2025 ነው። ግሬይ በ2024። በልውውጥ የመጣው ዲ ጄ ኸርዝ በ2025። ሦስቱም ለቡድኑ የጨዋታ ከፋችነት ቦታ የታሰቡ ነበሩ። ከዚህ ሕክምና ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል፤ ከስድስቱ የአገልግሎት ዓመት አንዱ ወይም አንድ ተኩሉ በሐኪም አልጋ አለቀ ማለት ነው፤ ዋናው ቡድን ውስጥ ሳለ የተጎዳ ፒቸር ቀኑ ይቆጠርለታልና። አምስት ከፋች የሚፈልግ ቡድን ስምንትና ዘጠኝ ሰው ማዘጋጀት አለበት። ናሽናልስ አምስት አዘጋጅቶ ሁለት ቀረው።

ማርች 27 ቀን 2025፣ የዓመቱ መክፈቻ፣ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት አሳየ። ጎር በናሽናልስ ፓርክ ፊላደልፊያን ለስድስት ኢኒንግ አንድ ምት ብቻ ፈቅዶ 13 ሰው በስትራይክአውት አሰናበተ። ከሱ ወርዶ ቡልፔኑ፣ ማለትም ተተክተው የሚገቡት ፒቸሮች፣ ገባ። ሃርፐርና ካይል ሽዋርበር፣ ሁለቱም የቀድሞ የናሽናልስ ሰዎች፣ ሆምራን መቱ፤ ጨዋታው በአስረኛው ኢኒንግ 7 ለ 3 ተሸነፈ። ቡልፔን ከሁሉ በርካሽ የሚሠራ የቡድን ክፍል ነው። ሌሎች ክለቦች የጣሉትን፣ ፈጣን ክንድ ያለውንና መቆጣጠር የጎደለውን ሰው ሰብስቦ አንድ ኳስ ማስተካከል በቂ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ለማድረግ ግን የኳሱን ሽክርክሪት በካሜራ የሚለካ፣ አያያዙን የሚያርም ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ክለቡ ከ2021 በኋላ የማሠልጠኛ ሠራተኛ ቢያበዛም ውጤቱ ሜዳ ላይ አልታየም።

አጭር ውል እንደ ዘር ገንዘብ

በደንብ የተሠራም ነገር አለ። በ2023 ሄይመር ካንደላሪዮ ከዲትሮይት ከተለቀቀ በኋላ በአንድ ዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር መጣ፤ 16 ሆምራን መትቶ በጁላይ መጨረሻ ለቺካጎ ካብስ በኸርዝና በሌላ ወጣት ተለወጠ። በ2024 ተተኪ ፒቸሩ ሀንተር ሃርቪ ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄዶ አንድ ወጣትና አንድ የድራፍት ምርጫ አመጣ፤ የድራፍት ምርጫ በልውውጥ መገኘቱ በቤዝቦል ብርቅ ነው። በ2025 ማይክል ሶሮካ በ9 ሚሊዮን የአንድ ዓመት ውል መጥቶ በጁላይ ለካብስ በሁለት ልጆች ተሰጠ፤ እዚያ ብዙም ሳይቆይ ተጎዳ።

ሥራው ደረጃ አለው። ውድድር በሌለበት የብርድ ወራት ከጉዳት የተመለሰ ወይም ባለፈው ዓመት የከፋበትን ሰው በአጭር ውል ማስፈረም፤ እስከ ጁን በየቀኑ ማጫወት፤ ልውውጥ ከሚዘጋበት ቀነ ገደብ በፊት፣ ክንዱ ሳይደክም፣ መስጠት። ከሦስት አንዱ ቢሳካ ያዋጣል። ናሽናልስ በየዓመቱ ሁለት ሦስት ሰው ሞከረ። እንደ ቀድሞው ኦክላንድ ያለ ገንዘብ የሌለው ክለብ ይህን ቢያደርግ ይገባናል፤ ዋሽንግተን ስድስት ሰባት መሞከር ይችል ነበር።

ጁላይ 2025 እና ቀጣዩ ሒሳብ

ጁላይ 6 ቀን 2025፣ ቡድኑ 37 አሸንፎ 53 ተሸንፎ ሳለ፣ ክለቡ ከ2009 ጀምሮ ጄኔራል ማኔጀር የነበረውን ሪዞንና ከ2018 ጀምሮ ቡድኑን የመራውን አሠልጣኝ ዴቪ ማርቲኔዝን በአንድ ቀን አሰናበተ። ድራፍቱ ሊደረግ የቀረው አንድ ሳምንት ነበር፤ ያውም የአንደኛ ምርጫ ድራፍት፣ በ10.2 በመቶ ዕድል በዕጣ የተገኘ። ተተኪው ማይክ ዲባርቶሎ የ17 ዓመቱን ሾርትስቶፕ ኢላይ ዊሊትስን ወሰደ። ለአንደኛ ምርጫ የተመደበው ገንዘብ 11 ሚሊዮን አካባቢ ሲሆን ዊሊትስ በ8.2 ሚሊዮን ፈረመ። የተረፈው ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ገንዘብ በኋለኞቹ ዙሮች ዩኒቨርሲቲ ሊገቡ የነበሩ ልጆችን ከተመደበላቸው በላይ ከፍሎ ለማስፈረም ዋለ። ሂውስተን በ2012 ካርሎስ ኮሬያን በአንደኛ ምርጫ ወስዶ፣ በተረፈው ገንዘብ በ41ኛ ምርጫ ላንስ መከለርስን ያገኘበት ዘዴ ይኸው ነው። ብዙ ደጋፊ ያዘነበት ምርጫ ነው፤ እኛ ግን በዓመታት ውስጥ በብልሃት የተሠራ የመጀመሪያው ድራፍት እንለዋለን። በመኸር ከቦስተን የመጣው ፖል ቶቦኒ የቤዝቦል ሥራው ሁሉ ኃላፊ ሆነ።

አዲሱ ኃላፊ በ2025 ማብቂያ የተቀበለው ሰሌዳ ይህን ይመስል ነበር። ጎር እስከ 2027፣ ኤብራምስ እስከ 2028፣ ዉድና ክሩዝ እስከ 2030 የክለቡ ነበሩ። በ2021 በሁለተኛ ዙር ተመርጦ በ2025 .299 የመታው ዴይለን ላይል ከነሱም ይቆያል። ዊሊትስ ዋናው ቡድን ይደርሳል ብሎ መጠበቅ የሚቻለው በ2028 ወይም በ2029 ነው። እነዚህ ዓመታት አይገጥሙም። ጎር ነፃ ሲወጣ ቀጣዩ ትውልድ ገና ታች ሊግ ነው።

ስለዚህ በ2025 ማብቂያ ፍርዳችን ጨካኝ ነበር፤ ጎር ሁለት ዓመት እያለው ይሰጥ፣ ልክ እንደ ተርነር በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሆን ቀደም ብሎ። በምትኩ የሚጠየቀው አንድ የታወቀ ስም ሳይሆን አራት አምስት ክንድና ምት ነው፤ ምክንያቱም ክንዶች ይሰበራሉ። ኤብራምስ ሾርትስቶፕ ላይ የሚስታቸው ኳሶች ስለበዙ ወደ ሁለተኛ ቤዝ ቢሄድ ዋጋው አይወርድም፤ ለሱ ጥሩ ጥያቄ ከመጣ ማዳመጥ ነው። ዉድ ግን አይነካም። የረጅም ውል ንግግር የሚጀመረው ከሱ ጋር ነው፣ ያውም የገላጋይ ዳኛ ዓመታት ሳይጀምሩ፤ ሶቶ ላይ የተበላሸው 440 ሚሊዮን ማነሱ ብቻ አይደለም፣ ልጁ 23 ዓመቱና ነፃነቱ ሊቃረብ ሁለት ዓመት ተኩል ሲቀረው መቅረቡም ነው። ክለቡ ከ2020 ጀምሮ ለረጅም ዘመን ያሰረው ካቸር ሩይዝን ብቻ መሆኑ፣ እሱንም ምቱ ሳይረጋገጥ መሆኑ፣ ማን ሊታሰር እንደሚገባ የሚመርጠው ክፍል መቀየር እንዳለበት ያሳያል። ለዉድ የሚቀርበው ውል ከእነዚያ 221 ስትራይክአውቶች ጋር ይቀርባል፤ ዋጋው ዝቅ የሚለውም ስለዚህ በ2025 ማብቂያ ላይ ነው። በ2026 ክረምት ከፍ ያለውን ፈጣን ኳስ መምታት ከቻለ ያኔ ጠበቃው በሌላ ቁጥር ይመጣል።